ከ«ና» በፊት የቆመች ሰረዝ

አዳማ፤ የካቲት ፳፱ ቀን ፲፱፻፳፩ ዓ.ም.

ወደ ደሴ የሚወጣ ነጋዴ ተገኝቶ ለቤተሰቤ የጻፍሁትን ደብዳቤ ዛሬ ሰጠሁት። እንደ ልማዴ ግልባጩን ከዚህ አስቀራለሁ።

«ይድረስ ከአባቴ ከአቶ ይመር፤ የጉልበትዎ ሕመም እንዴት ሆነልዎ? ይድረስ ከእናቴ ከወይዘሮ ዘውድነሽ፤ እናቴ ሆይ፣ ዓይንሽ ከጢስ ተርፎ ይሆን? ይድረስ ከታላቅ ወንድሜ ከሙሉአለም፤ አዲሱ በሬ ቀንበር ለመደልህ ወይ? ይድረስ ከአክስቴ ከዘርፉ፤ ባለፈው የላክሽልኝ ጋቢ ለዋድላ ብርድ እንጂ ለአዳማ ሙቀት ባይሆንም፣ ባየሁት ቍጥር አንቺን አያለሁ። ይድረስ ከንስሐ አባታችን ከአባ ተክሌ፤ ጉልበትዎን ስሜ ይፍቱኝ እላለሁ። ስማችሁን ያልጠራሁ የሰፈሬ ሰዎች፣ ቀለም አጥሮኝ እንጂ ልቤ አልረሳችሁም። እኔ በአዲስ አበባ በሚሲዮን ትምህርት ቤት አራት ዓመት ተምሬ፣ አሁን በአዳማ የዳኛው የቀኛዝማች ወልደአማኑኤል ጸሐፊና የእንግሊዝኛ አስተርጓሚ ሆኛለሁ። እስከ ፋሲካ ለሙከራ ነው፤ ከዚያ በኋላ በማኅተም እጸናለሁ። በዚህ አገር ባቡሩ የፈረንሳይ ስለሆነ፣ የእንግሊዝ ወረቀት በመጣ ጊዜ ከእኔ በቀር የሚያነበው የለም። አባቴ ሆይ፣ በዚህ ደስ ይበልዎ።»

ይህን ስጽፍ የችሎቱ ነባር ጸሐፊ አለቃ ሰብስቤ ከኋላዬ ቆመው ያነቡ ኖረዋል። «ባቡሩ ፈረንሳይኛ ይናገራል እንዴ? እኔ ሲጮኽ እንጂ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም» ብለው ሳቁብኝ። የሰው ደብዳቤ ማንበብ ነውር መሆኑን ሃያ ዓመት በጽሕፈት ላይ የኖረ ሰው እንዴት አያውቅም?

መጋቢት ፮ ቀን

ዛሬ ስለ ጠፋ ነፍጥ ችሎት ተቀመጠ። ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ጥር አንድ እንግሊዛዊ አዳኝ በላንጋኖ ዙሪያ ሲያድን ሰንብቶ ወደ አገሩ ተመለሰ። ሁለት ሎሌዎች ነበሩት፤ አንዱ ሆራ የሚባል ነው፤ ሁለተኛው የቡልቡላው በቅሎ ጫኚ መርዳሳ ነው። በአዳማ ስንቁን ሲያሰናዳለት የኖረው ነጋዴ ገርባ ደግሞ፣ ስለ ድካሙ ነፍጡን እንዲወስድ ተስፋ ተሰጥቶት ነበር። ነፍጡ ግን አልደረሰውም፤ ሆራም የገባበት ጠፋ። እንግሊዛዊው መርከብ ሳይሳፈር ከጅቡቲ ለገርባ የጻፈው ወረቀት አለ። ገርባ ይህን ወረቀት ይዞ መርዳሳን ከሰሰው።

ቀኛዝማች «በል ሙሉብርሃን፣ አሰማን» አሉኝ። በረንዳው በሰው ተሞልቶ ነበር። በመጀመሪያ እንግሊዝኛውን ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብሁ፤ ይህን ያደረግሁት ይገባቸዋል ብዬ ሳይሆን እንዲያደምጡኝ ነው። «ቱ ሆራ፣ አንድ መርዳሳ ቱክ» ከሚለው ስደርስ ቀኛዝማች አቋረጡኝ።

«አንድ መርዳሳ? ስንት መርዳሳ ኖሯል?»

ሕዝቡ አውካካ።

«ጌታዬ፣ አንድ ማለት በእንግሊዝኛ ና ማለት ነው» አልሁ።

«ማንን ነው ና የሚለው?» አሉ አለቃ ሰብስቤ፤ «ሆራን ከሆነስ ይጥራልን፤ እኛም እየፈለግነው ነው።»

ሳቁ እንደገና ተነሣ። የተከሰሰው መርዳሳ ሳይቀር ሳቀ። ጆሮዬ ጋለ። ቶሎ ለመጨረስ ብዬ ትርጓሜውን በአንድ ትንፋሽ ተናገርሁት፦ «ነፍጡን ለሆራና ለመርዳሳ ሰጥቼ በቅሎዎቹን ወደ ቡልቡላ ወሰድሁ» ይላል።

ያን ጊዜ የመርዳሳ ሳቅ ጠፋ። «ዋቃ ያውቃል! እኔ ነፍጥ አልነካሁም። የነዳሁት በቅሎ ነው» አለ።

«የፈረንጁ ወረቀት ይዋሻል?» አሉት ቀኛዝማች።

«ወረቀት አላውቅም። በቅሎ ነው የነዳሁት።»

በአዳማ ዋስ የሚሆነው የታወቀ ሰው ስለሌለው፣ እንደ ወጉ ከከሳሹ ጋር ቁራኛ ሆነ፤ የመርዳሳ ቀኝ እጅ ከገርባ ግራ እጅ ጋር በአንድ ሰንሰለት ተያዘ። በሕማማት ችሎት ስለማይቀመጥ ፍርዱ ለሚያዝያ ፲፯ ተቀጠረ። እስከዚያ ሆራ ካልተገኘ መርዳሳ አርባ ጅራፍ ተገርፎ ሁለቱን በቅሎዎቹን ለገርባ ያስረክባል።

ቀኛዝማች ሲነሡ «አንተ ባትኖር ይህ ወረቀት ገለባ ነበር» ብለው በሰው ሁሉ ፊት አመሰገኑኝ። ስለዚህ ልደሰት ይገባኝ ነበር። ነገር ግን የቀረልኝ ሳቁ ብቻ ነው።

መጋቢት ፰ ቀን፤ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ሁለቱን በገበያው መንገድ አገኘኋቸው። ገርባ ወደ ሱቁ ሲሄድ መርዳሳ ይከተላል፤ መርዳሳ ውሃ ሊጠጣ ሲጐነበስ ገርባም ይጐነበሳል። ሰው እንደ ተውኔት ቆሞ ያያቸዋል። «ጸሐፊው መጣ፤ እነሆ ያጋባቸው ቄስ!» አለ አንድ ስድ። ዘወር ብዬ ልመልስለት አሰብሁና ክብሬን ጠብቄ አለፍሁ። ያጋባቸው ሕግ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።

መጋቢት ፲፩ ቀን

የመርዳሳ ሚስት ዲንቄ ከቡልቡላ መጣች። በቀን በቀን ቆሎና ሽሮ ይዛ ከችሎቱ ደጅ ትቀመጣለች። ስወጣም ስገባም ትነሣልኛለች። እንዲህ ያለ አክብሮት ያናድዳል።

መጋቢት ፲፬ ቀን

ከፋሲካ በኋላ ለሚሆነው ሹመት የምስክር ወረቀት እንድትጽፍልኝ ለቀድሞ መምህርቴ ለሚስ ኤልሲ ሁለት ገጽ ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ጻፍሁ። ለአንድ ጊዜ እንኳ መዝገበ ቃላት አላየሁም። ከየ«አንዱ» በኋላ ሰረዟን ደኅና አድርጌ አስቀመጥሁ። እንግሊዞች እንደ እኛ በየቃሉ መካከል ሁለት ነጥብ አያደርጉም፤ ትንፋሽ የሚወስዱት በዚህች ባለ ጅራት ነጥብ ነው፤ ስሟም ኮማ ነው። አለቃ ሰብስቤ ገጹን አይተው «ትሎች ወጡበት» አሉ። ባላወቁት መቀለድ ለእርሳቸው ዕውቀት ነው።

ደብዳቤው በቅዳሜው ባቡር ሄደ።

መጋቢት ፳ ቀን

መልሱ ዛሬ ደረሰ። ብስጭቴን ለማን እናገራለሁ?

ሰላምታ የለበትም። እንደምን ነህ የለበትም። የራሴን ደብዳቤ ነው መልሳ የላከችው፤ ዳር እስከ ዳር በቀይ ቀለም ተቸክችኮ! ካስቀመጥኋቸው ሃያ አንድ ሰረዞች ሁለት ብቻ ቀርተውልኛል። ከ«አንድ» በኋላ ያኖርሁትን ሁሉ ሰርዛ፣ አንዳንዱን ከ«አንዱ» በፊት አዛውራዋለች፤ ሌላውን ፈጽማ አጥፍታዋለች። ከሥሩ የጻፈችው እንዲህ ይላል፦ «ሙሉብርሃን፣ አራት ዓመት ሙሉ ነገርሁህ። አንድ የሚለው ቃል የሚመጣው ነገር ነው እንጂ የሄደው ነገር አይደለም። ከእርሱ ቀጥሎ የራሱ አድራጊ ያለው ሙሉ ነገር ሲመጣ ሰረዝህን ከፊቱ አቁም። የራሱ አድራጊ ከሌለው አታቁም። ከኋላው ግን ከቶ አታቁም። የምስክሩን ወረቀት ይህን ስትማር እጽፍልሃለሁ።»

የሚመጣው ነገር ነው ትላለች! የእኛ ና የት እንደምትቀመጥ መቼ አወቀች? «መጣና ሄደ» ስንል ና የመጣው ጅራት ናት፤ ከእርሱ ተጣብቃ አንድ ቃል ትሆናለች። በ«መጣ»ና በ«ና» መካከል ማን ሰረዝ ያስገባል? ትንፋሽ የምንወስደው ከእርሷ በኋላ ነው። ደግሞስ የራሱ አድራጊ ማለት ምንድን ነው? በእኛ ቋንቋ አድራጊው በግሡ ሆድ ውስጥ አለ፤ «ሄደ» ካልህ እርሱ ነው፤ «ሄድሁ» ካልህ እኔ ነኝ። ባለቤት የሌለው ግሥ አገራችን አያውቅም። የእነርሱ ግሥ ግን ባዶ ጐተራ ነው፤ «ቱክ» ቢሉህ ወሰድሁም ሊሆን ይችላል፣ ወሰደም ሊሆን ይችላል፣ ወሰዱም ሊሆን ይችላል፤ ባለቤቱን ከውጭ ፈልገህ

እዚህ ላይ ብዕሬ ቆመች። ቀለሙ ስለ ቀጠነ ነው።

መጋቢት ፳፩ ቀን

ችሎት ነበር። ስለ ድንበር። የጻፍሁት በአማርኛ ብቻ። ራሴን አሞኛል።

ሚስ ኤልሲ የነቀፈችው የእኔን ደብዳቤ ነው፤ ስለ ሌላ ወረቀት አንድ ቃል አልተናገረችም። ይህ በደንብ ይታወቅ።

መጋቢት ፳፬ ቀን

ዲንቄ በደጁ አስቆመችኝ።

«ያ ጎፍታ፣ ያ ወረቀት ምን ይላል? ቀስ ብለህ ንገረኝ» አለች፤ ጎፍታ በቋንቋቸው ጌታ ማለት ነው።

በችሎት የተናገርሁትን ነገርኋት። ስታደምጥ ከንፈሯ አብሮኝ ይንቀሳቀስ ነበር።

«በቅሎዎቹን ማን ወሰደ ይላል?»

«እንግሊዛዊው።»

«ፈረንጁ?» ብላ ሳቀች፤ የክፋት ሳቅ ግን አልነበረም። «ፈረንጁ በሁለተኛው ቀን ነው ቡልቡላ የደረሰው፤ ድንኳኑን አስይዞ። በቅሎዎቹን መርዳሳ ብቻውን አመጣቸው። ውሃ ያጠጣኋቸው እኔ ነኝ። ሦስት ናቸው፤ ሁለቱ የኛ፣ አንዷ የሰው። ወረቀቱ ተሳሳተ እንዴ?»

«ወረቀት አይሳሳትም» አልኋት፤ ድምፄም ከሚገባው በላይ ከፍ አለ። «ባልሽን ለማዳን የማትናገሪው ነገር የለም።»

«እሺ፣ ጎፍታ» አለች፤ ተነሥታም አሳለፈችኝ።

ሚስት ለባሏ ብትመሰክር ሕግ አይቀበልም። ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም።

መጋቢት ፳፮ ቀን

ገርባ ከእስረኛው ጋር ሆኖ ወደ ችሎቱ መጥቶ ጮኸብኝ። «አንተ ጸሐፊ፣ ስንት ቀን ቀረ? ሱቄ ተዘጋ! ይህ ሰውዬ ሌሊት በእንቅልፉ በቅሎ ይነዳል፤ እጄን እየጐተተ ሂጂ፣ ሂጂ ይላል!» ሰዎች ሳቁ። መርዳሳ ወደ መሬት ያይ ነበር። ሰንሰለቱ የነካው የእጁ አንጓ ተልጦ ዝንብ ወሮታል።

ለምን ወደ እኔ ይጮኻሉ? ከሳሹ ገርባ፣ ያሰሩት ቀኛዝማች፣ የጠፋው ሆራ። እኔ ቃል አሻገርሁ እንጂ ሰው አላሰርሁም።

ሚያዝያ ፩ ቀን

ልደታ ናት። ወረቀቶቹ በአለቃ ሰብስቤ ሣጥን ይቆለፋሉ፤ ቁልፉ ከአንገታቸው አይለይም። «የእንግሊዙን ወረቀት ለግልባጭ እፈልገዋለሁ» አልኋቸው። እንደሚሞት ሰው እየቃተቱ ከፈቱልኝ።

ወደ መስኮቱ ወስጄ አየሁት።

ሰረዟ አለች። የቁንጫ እግር ታህላለች፤ ግን አለች። ከ«ሆራ» በኋላ፣ ከ«አንድ» በፊት ቆማለች። ከ«አንድ» ቀጥሎ መርዳሳ፤ ከመርዳሳ ቀጥሎ «ቱክ»።

«ወረቀቱን መስኮት ድረስ ለምን ወሰድኸው?» አሉ አለቃ ሰብስቤ፤ «እንግሊዝኛ ጨለማ ይፈራል እንዴ?»

መልሼ ሰጠኋቸው። ግልባጩን አልጻፍሁም።

ሚያዝያ ፪ ቀን

የብዕር ጠብታ ልትሆን ትችላለች። እንግሊዛዊው በመርከብ መሳፈሪያ ላይ ተጣድፎ ነው የጻፈው። ደግሞም ሁሉም እንግሊዝ ሚስ ኤልሲን አይመስልም፤ አዳኝ ሰው ሕገ ጽሕፈት ሊያውቅ ግዴታ የለበትም።

ሚያዝያ ፫ ቀን

ጠብታ ጅራት የለውም።

ሚያዝያ ፬ ቀን

ተቆጥቼ ውያለሁ። ለውሃ ሻጪቷ ጮኽሁ። ለአለቃ ሰብስቤ ሰላምታ አልሰጠሁም። ለሚስ ኤልሲ ሰባት መስመር የስድብ ደብዳቤ ጻፍሁና ቀደድሁት፤ በስድቡ ውስጥም ሰረዞቹን ከ«አንድ» በፊት ሳደርግ ራሴን ያዝሁት። እጄ ተምሯል። ይህ እጅ ያን ዕለት የት ነበረ?

ሚያዝያ ፱ ቀን

ቀኛዝማች ብቻቸውን በረንዳ ላይ ተቀምጠው ስላገኘኋቸው ደፈርሁ።

«ጌታዬ፣ የእንግሊዝ ወረቀት አንዳንድ ጊዜ በሁለት መንገድ ይተረጐማል» አልሁ።

«እንደ ቅኔ?»

«እንደ ቅኔ ሳይሆን... አዎ፣ እንደ ቅኔ።»

«ታዲያ ሰሙን ነው ወይስ ወርቁን ነው ያሰማኸን?»

«የተሻለውን» አልሁ።

«እንዲህ ነው እንጂ» ብለው ከኪሳቸው አንድ ነገር አወጡ። የእኔ ማኅተም ነው! ከአዲስ አበባ አስቀርጸው ያስመጡት፤ «ሙሉብርሃን ይመር፣ ጸሐፊ» ይላል። «ከፋሲካ በኋላ እሰጥሃለሁ፤ እስከዚያ እንዳትሰርቀኝ» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ሰው እንዴት እንዲህ ይሥቃል?

በዋድላ አባቴ ደብዳቤዬን በየቤቱ ይዘው እየዞሩ ይሆናል። ማንበብ አይችሉም፤ ግን ማን ዘንድ ሲደርሱ የትኛው መስመር ላይ ጣታቸውን እንደሚያሳርፉ አውቃለሁ።

ሚያዝያ ፲፫ ቀን፤ እሑድ

ዲንቄ የምሕረት ማመልከቻ እንድጽፍላት ጠየቀችኝ። «አንተ ቃል ታውቃለህ። አርባ ጅራፍ አይችልም፤ ከድሮ ጀምሮ ሳምባው ደካማ ነው። በቅሎውን ይውሰዱ፣ እርሱን ይማሩልኝ ብለህ ጻፍ» አለች።

ጻፍሁላት። ዕድል ነው ብዬ አሰብሁ፤ ግርፋቱ ቢቀር ነገሩ ይቀልላል፤ በቅሎ በሌላ በቅሎ ይተካል። እንደዚህ ያለ ያማረ ማመልከቻ በሕይወቴ አልጻፍሁም። «በደሌን አምኜ ከእግርዎ ሥር ወድቄአለሁ» የሚል ነበር።

መርዳሳና ገርባ ከሱቁ ደጅ ተቀምጠው አገኘናቸው። አነበብሁለት፤ አውራ ጣቱን እንዲያሳርፍም ቀለም አቀረብሁለት።

«በደሌን የሚል አለበት?» አለ መርዳሳ።

«ወግ ነው። እንዲሁ ይጻፋል።»

«አልነካውም።»

«ጅራፍ እኮ ነው!» አለችው ዲንቄ፤ ቀጥላም በኦሮምኛ ብዙ ተናገረችው፤ አለቀሰችም።

እርሱ ወደ እኔ ብቻ ያይ ነበር። «ያላደረግሁትን ማሩኝ አልልም። አንተ ጻፍኸው፤ አንተ ጣትህን አሳርፍበት» አለኝ።

ገርባ ቀለሙን በነፃ እጁ ወደ እኔ መልሶ ገፋው።

ወረቀቱን አጣጥፌ ተመለስሁ። በመንገዱ ሁሉ ሰደብሁት፤ ድንጋይ ራስ፣ ደረቅ፣ ያልተማረ አልሁት። ሰው የሚዘረጋለትን እጅ እንዴት ይገፋል? ቤቴ ደርሼም መሳደቤን አላቆምሁም። ቆይቼ ግን ስድቡ ለእርሱ እንዳልሆነ ገባኝ፤ ስለዚህ እዚህ ላይ አቆማለሁ።

ሚያዝያ ፲፯ ቀን፤ ጧት

ዛሬ ነው። ምንም አልበላሁም፤ ስለ ጾሙ ነው። የሚስ ኤልሲን ወረቀት በኪሴ ይዣለሁ። እናገር እንደሆነ አላውቅም።

ሚያዝያ ፲፰ ቀን

የትናንቱን በሥርዓት እጽፈዋለሁ።

ሆራ አልተገኘም። ቀኛዝማች ጅራፈኛውን አስጠሩ፤ መርዳሳም ጋቢውን አውልቆ በአንድ እጁ አጣጠፈው። ሌላው እጁ ከገርባ ጋር ነበረ። ዲንቄ ጋቢውን ተቀብላ በክንዷ ያዘችው፤ ሊታጠብ የተሰጣት ልብስ ይመስል።

«ጌታዬ፣ የተረጐምሁት ስሕተት ነው» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የእኔ ነበረ።

ወረቀቱን አስመጡ። እኔም አስረዳሁ፤ ሰረዟ ከ«አንድ» በፊት ስለቆመች ሆራ በዚያው ያበቃል፤ ከ«አንድ» በኋላ ያለው መርዳሳ የአዲስ ነገር ባለቤት ነው፤ «ቱክ» የሚለው ግሥ የእርሱ ነው አልሁ። እንግዲህ ወረቀቱ የሚለው፦ «ነፍጡን ለሆራ ሰጠሁት፤ በቅሎዎቹንም መርዳሳ ወደ ቡልቡላ ወሰዳቸው» ነው። እኔ ግን በእኛ ና ልማድ ሁለቱን ሰዎች አጣብቄ፣ ባለቤት ያጣውን ግሥ ለእንግሊዛዊው ሰጠሁት።

ቀኛዝማች ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። «ሰው የታሰረው በዚህች ነጥብ ነው?»

«ነጥብ አይደለችም ጌታዬ፤ ጅራት አላት።»

ማንም አልሳቀም።

«ጅራቷን መቼ አየሃት?»

ይህን ጥያቄ አልጠበቅሁም ነበር። «በቅርብ ቀን» አልሁ።

ያን ጊዜ አለቃ ሰብስቤ ከተቀመጡበት ሳይነሡ «ለልደታ ሣጥኑን ከፍቼ ሰጥቼዋለሁ፤ መስኮት ድረስ ወስዶ አይቶታል» አሉ። በክፋት አልተናገሩትም። እንዲያውም ፊታቸው ያዘነ ይመስል ነበር፤ ያ ነው ይበልጥ ያናደደኝ።

«አሥራ ስድስት ቀን» አሉ ቀኛዝማች። ከኪሳቸው ማኅተሙን አውጥተው አዩትና ለአሽከራቸው «ስሙን አስፍቅና ለሌላ ይሁን» ብለው ሰጡት።

ገርባ በዚህ መካከል ጮኸ። «ጌታዬ፣ እኔስ? በዚህ ሰው ቃል አርባ አንድ ቀን ሰንሰለት ለበስሁ! ሱቄ ተዘግቶ፣ ሆራ እስከ አርሲ ጫፍ ሸሽቶ፣ ነፍጤን አሁን ማን ያመጣልኛል? ይህን ጸሐፊ ከስሼዋለሁ!»

«ዋስ አለህ?» ብለው ቀኛዝማች ጠየቁኝ።

ወደ ሕዝቡ ዞርሁ። ሁሉንም አውቃቸዋለሁ፤ ለብዙዎቹ ማመልከቻ ጽፌላቸዋለሁ። አለቃ ሰብስቤ ጫማቸውን ያዩ ነበር። ማንም አልተነሣም።

«ገርባን ከመርዳሳ ፍቱና ከዚህ ጋር እሰሩት» አሉ ቀኛዝማች።

አንጥረኛው መጣ። ገርባ «የትኛውን እጁን?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ቀኛዝማች «ግራውን። ቀኙን ይጻፍበት፤ እንግዲህ ምን እንደሚጽፍ እናያለን» አሉ።

መርዳሳ ተፈታ። የተላጠውን አንጓውን አሸት አሸት አደረገና ጋቢውን ከዲንቄ ተቀብሎ ለበሰ። ምናልባት አንድ ቃል ይናገረኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ስድብም ቢሆን ይገባኝ ነበር። ሳያየኝ ሄደ። ዲንቄ ግን ባጠገቤ ስታልፍ ቆም አለች፤ «አየኸው እኮ፣ ጎፍታ። በዚያን ጊዜም ነግሬህ ነበር» አለችኝና ተከተለችው።

ከሁሉ የሚያስቆጣኝ ይህ ነው፤ እውነቱን ተናግሬ ስጨርስ እንደሚቀልለኝ አስቤ ነበር።

ሚያዝያ ፳፪ ቀን፤ ሕማማት

ወደ ደሴ የሚሄድ ነጋዴ ነገ ይነሣል። ለወንድሜ የምልከው ይህ ነው። ግልባጭ መሥራት ስለማልችል እዚሁ ጽፌ ገጹን እቀድደዋለሁ ብዬ ነበር፤ ግን ገርባ ወረቀቱን በመያዝ አንድ እጁን አውሶኝ ሁለት ጊዜ ጻፍሁት። ስጽፍ ክንዴ በተንቀሳቀሰ ቍጥር ይሳደባል። ለማን እንደምጽፍ ጠየቀኝ፤ ነገርሁት። «እንግዲያስ የኔንም ስም አግባ። ሙሉብርሃንና ገርባ በል፤ በመካከላችን ሰረዝ እንዳታደርግ» አለና ብቻውን ሳቀ። አላገባሁትም።

«ይድረስ ከወንድሜ ከሙሉአለም። ሰላምታ ሳላበዛ ነገሬን እነግርሃለሁ። የላክሁላችሁ የሹመት ወሬ ፈርሷል። በእኔ የተሳሳተ ትርጓሜ አንድ ሰው አርባ አንድ ቀን በሰንሰለት ታሰረ። ከእነዚያ ውስጥ አሥራ ስድስቱን ስሕተቴን እያወቅሁ ዝም ብያለሁ፤ ይህንንም ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰማ ከእኔ ስማው። አሁን እኔ በእርሱ ፋንታ ታስሬአለሁ። ችሎት ከዳግማዊ ትንሣኤ በኋላ ይቀመጣል። በዚህ አገር ዋስ የሚሆነኝ ሰው የለኝም፤ ዋስ ካላገኘሁ አልፈታም። መጥተህ ዋስ ልትሆነኝ ትችላለህ ወይ? የማትችል ከሆነም አልቀየምህም፤ ሌላ መንገድ እንድፈልግ ግን ማወቅ አለብኝ። ለአባታችን ምን ያህሉን እንደምትነግራቸው አንተ ታውቃለህ። ትመጣ እንደሆነ እመጣለሁ፣ አትመጣ እንደሆነ አልመጣም ብለህ በአንድ ቃል ጻፍልኝ፤ ነጋዴው ሲመለስ መልሱን በእርሱ እጅ ላክልኝ።»